ዕቃው የት ይውረድ? አዲስ አበባ ስለ መንገድ ስታወራ የምትዘላት ጥያቄ

ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ። ታክሲ ውስጥ ናችሁ፣ አርፍዳችኋል። መንገዱ እየሄደ ነበር፣ ድንገት ቀጥ አለ። ከፊት አንድ አይሱዙ አራቱንም ፍሬቻ እያበራ መሀል መንገድ ቆሟል። ረዳቱ የለስላሳ ሳጥን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ሱቅ እየሮጠ ነው። ከኋላ ክላክሱ ይጮሃል። ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው በአንድ ድምፅ "ምን ዓይነት ሰው ነው!" ይላል።

አሁን ደግሞ ወደ አይሱዙው ጋቢና ግቡ። ሾፌሩ 40 ሳጥን ለአንዱ ሱቅ፣ 20 ለሌላው ማድረስ አለበት። በስተቀኝ በኩል የግል መኪኖች ከጠዋት ጀምሮ ተደርድረው ቆመዋል። ከፊት የታክሲ መጫኛ ነው፣ እዚያ ቢቆም ይቀጣል። እግረኛ መንገድ ላይ ቢወጣ ይቀጣል፣ መቀጣትም አለበት። ወደ ኋላ መመለስ አይችልም። ስለዚህ ያለችውን አንዷን ምርጫ ይመርጣል፦ መሀል መንገድ ቆሞ፣ ትራፊክ ፖሊስ ሳይመጣ ቶሎ ማራገፍ።

ይህ የአንድ ሾፌር ስድነት አይደለም። ሱቁ እንዲሸጥ ፈቃድ ሰጥተነዋል፤ ዕቃው ግን የት እንደሚወርድለት አልነገርነውም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህች ጥያቄ ነው።

ለሰው ቦታ ተሰጠ፤ ለዕቃስ?

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የአዲስ አበባ መሀል ገጽታ በፍጥነት ተቀይሯል። በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ከቦሌ እስከ መገናኛ እና በሌሎችም መስመሮች ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች፣ የብስክሌት መስመሮች፣ የታክሲና የአውቶቡስ መጫኛና ማውረጃዎች፣ የመኪና ማቆሚያዎች ተሠርተዋል። ስለ አሠራሩና ስለ ተነሺዎች ብዙ ተብሏል፣ ገናም ይባላል። ያን ለሌላ ቀን እናቆየው። አንድ ነገር ግን ሁላችንም እናያለን፦ እግረኛው መሄጃ አግኝቷል።

ግን በዚያ መንገድ ዳር ያለው ካፌ በየቀኑ ወተት፣ ዳቦ፣ የታሸገ ውሃና ለስላሳ ይቀበላል። ሚኒ ማርኬቱ ዘይት፣ ዱቄት፣ ሳሙና ይገባለታል። ሕንፃ መሣሪያ የሚሸጠው ቱቦና ቀለም፣ ምግብ ቤቱ ጋዝ ሲሊንደርና አትክልት። ይህ ሁሉ ከሰማይ አይወርድም፣ በመኪና ነው የሚመጣው። ብዙዎቹ የመሀል ከተማ ንግድ ቤቶቻችን ደግሞ የጓሮ በር የላቸውም። ደንበኛው የሚገባበት በር ዕቃውም የሚገባበት በር ነው።

ስለዚህ የመንገድ ጠርዝ ሲነደፍ "ታክሲ የት ይቁም? የግል መኪና የት ይቁም?" ተብሎ ብቻ ካበቃ፣ የተረሳው ሦስተኛው እንግዳ በራሱ ጊዜ መጥቶ መሀል መንገድ ላይ ይቀመጣል።

ትንሽ ሒሳብ

ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው፣ ስሌቱን ግን በራሳችሁ ሰፈር ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

200 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ መንገድ እንውሰድ። 40 ሱቆች አሉ እንበል። እያንዳንዱ በአማካይ በቀን አንድ ጊዜ ዕቃ ይገባለታል። አንዱን ማራገፍ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ድምሩ 800 ደቂቃ ነው።

ይህ ሥራ በ10 ሰዓት ውስጥ፣ ማለትም በ600 ደቂቃ፣ ቢከፋፈል በአንድ ጊዜ የሚቆሙት መኪኖች በአማካይ ከሁለት ያነሱ ናቸው። አንዳንዴ ሦስት ይገጣጠማሉ። ለእያንዳንዱ 10 ሜትር ብንሰጥ ከ200 ሜትሩ 30 ሜትር ብቻ ነው የምንወስደው። በቃ፣ መሀል መንገድ መቆም የሚያስፈልገው ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ሁሉም ጠዋት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልግባ ቢልስ? 800ን ለ120 ስናካፍል ወደ ሰባት መኪና ይሆናል። ያኔ 30 ሜትሩ አይበቃም፣ መንገዱ ይታነቃል። ስለዚህ ቦታ ብቻውን መፍትሔ አይደለም፤ ሰዓቱም መሰራጨት አለበት።

ሦስተኛዋ ቁጥር ደግሞ የምታስገርመው ናት። አንድ የግል መኪና ጠዋት መጥቶ በዚያች 10 ሜትር ላይ 8 ሰዓት ቢቆም፣ የያዘው ጊዜ 480 ደቂቃ ነው። በዚያ ጊዜ 24 መኪኖች እየተቀያየሩ ዕቃ ማራገፍ ይችሉ ነበር። 24 ሱቅ በአንድ ሰው ምቾት ተለወጠ ማለት ነው። ሰውየው መጥፎ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ቦታው በርካሽ ወይም በነፃ ስለተሰጠው ነው።

ዶናልድ ሹፕ የሚባሉ አሜሪካዊ የከተማ ፕላን ምሁር ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲከራከሩበት የኖሩት ይህንኑ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ስለ ነፃ ፓርኪንግ ውድነት በሚያወራው መጽሐፋቸው፣ የመንገድ ዳር ቦታ ዋጋው ትክክል ከሆነ ሁልጊዜ በእያንዳንዱ ብሎክ አንድ ሁለት ባዶ ቦታ አይጠፋም ብለዋል። ባዶ ቦታ ካለ ደግሞ ደርቦ የሚቆም አይኖርም።

"ገበያውን እናንሳው" የሚለው የቆየ መልሳችን

አዲስ አበባ መጨናነቅ ሲገጥማት የለመደችው አንድ መድኃኒት አላት፦ ገበያውን ማንሳት።

ትልቁ ገበያ መጀመሪያ አራዳ፣ ዛሬ ፒያሳ በምንለው አካባቢ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ምዕራብ ተገፍቶ የዛሬው መርካቶ ተፈጠረ። ያኔ ዓላማው ትራፊክ ሳይሆን ነጭና ጥቁርን መለየት ነበር። መድኃኒቱ ግን ከዚያም በኋላ ተደጋግሟል። ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ሄደ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ጃን ሜዳ ለጥምቀት ሲፈለግ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ።

ኃይሌ ጋርመንት መሄዱ የራሱ ጥቅም አለው። ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ትላልቅ መኪኖች ሽንኩርትና ቲማቲም ይዘው ፒያሳ ድረስ መግባት የለባቸውም። ጥሩ ነው። ግን ሽንኩርቱ እዚያው አይበላም። ከኃይሌ ጋርመንት በፒካፕ፣ በዳማስ፣ በባጃጅ ተከፋፍሎ እንደገና ወደ ፒያሳ፣ ወደ ካዛንቺስ፣ ወደ እናንተ ሰፈር ይመጣል። የጅምላው ገበያ ሲነሳ ትልቁ መኪና ይነሳል፤ ትንሹ መኪና ግን ይበዛል። እሱም መቆሚያ ይፈልጋል።

የሰዓት ገደቡም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የከተማ አስተዳደሩ በሞተር ብስክሌቶች ላይ እገዳ ሲጥል፣ የጭነት መኪኖችንም የቀን እንቅስቃሴ ገድቦ ነበር። ትላልቅ መኪኖችን ከቀኑ ትራፊክ ማውጣት ምክንያታዊ ነው። ግን አስቡት፦ 50 ኩንታል የሚጭነውን አንድ መኪና በቀን ብንከለክለውና ነጋዴው ሌሊት መቀበል ካልቻለ፣ 5 ኩንታል የሚጭኑ 10 ትናንሽ መኪኖች ይመጣሉ። አንድ ፓርኪንግ የሚፈልገው ጭነት አሥር ፈላጊ ሆነ። ነዳጁም፣ የሾፌሩም ክፍያ፣ የረዳቱም ክፍያ በአሥር ተባዛ። ይህን ወጪ የሚሸፍነው ማን ይመስላችኋል? በመጨረሻ ሱቅ ሄዶ ዘይት የሚገዛው ሰው።

ቅጣቱም እንደዚሁ ነው። ሾፌሩ ተቀጣ ሲባል ደስ ይለናል። ግን መቆሚያ በሌለበት መንገድ ላይ በየሳምንቱ የሚመጣ ቅጣት፣ ቅጣት መሆኑ ይቀርና ወጪ ይሆናል፤ ወጪ ደግሞ ዋጋ ላይ ይጨመራል። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ኒው ዮርክ ውስጥ ዕቃ አድራሽ ድርጅቶች የፓርኪንግ ቅጣትን እንደ መደበኛ ወጪ በጀት ይዘውለት ይሠሩ ስለነበር፣ ከተማዋ ቅጣታቸውን በጅምላ ተስማምተው የሚከፍሉበት አሠራር እስከማበጀት ደርሳለች። ቅጣቱ ይከፈላል፣ መኪናውም መሀል መንገድ ይቆማል። ማንም አልተማረበትም።

መርካቶ፦ ነገሩ ሕይወት የሚሆንበት ቦታ

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ የተነሳውን እሳት ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በስልካችን ስናይ ያደርን ብዙ ነን። የእሳት አደጋ መኪኖች ወደ ውስጥ ለመግባት መቸገራቸው ያኔ ተነግሯል። በርግጥ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የሕንፃዎቹ መጠጋጋት፣ የመንገዱ ጥበት፣ የዕቃው ተቀጣጣይነት። ግን በቀን መርካቶ የገባ ሰው ያውቀዋል፦ ጠባቧ መንገድ ላይ የቆመ መኪና፣ የወረደ ጆንያ፣ የተደረደረ ካርቶን ሲጨመርበት ለአምቡላንስም ለእሳት አደጋም የሚተርፍ ቦታ የለም። የመጫኛና ማውረጃ ቦታ ጉዳይ የምቾት ብቻ ጉዳይ ያልሆነው ለዚህ ነው።

መርካቶ ላይ ሁለት ነገሮች ይለያሉ።

አንደኛ፣ ዕቃ ይገባል ብቻ ሳይሆን ይወጣል። ከክፍለ ሀገር የመጣ ነጋዴ ከአምስት ተራ ገዝቶ በአንድ መኪና ይጭናል። መኪናው ዕቃው እስኪሰበሰብ ግማሽ ቀን ይቆማል። ለዚህ የሚያስፈልገው የ20 ደቂቃ መቆሚያ አይደለም፤ ከመንገድ ወጣ ያለ የጭነት ግቢ ነው፣ ዕቃው በጋሪ እየመጣ የሚሰበሰብበት።

ሁለተኛ፣ መርካቶ በተራ የተከፈለ ነው። ይህ ለፕላን ሥራ ትልቅ ዕድል ነው። ቆርቆሮ ተራ ረጅም መኪና ይፈልጋል፣ ሸማ ተራ ትንሽ መኪና ይበቃዋል። እህሉ የሚገባበት ሰዓትና ጫማው የሚገባበት ሰዓት አንድ መሆን የለበትም። ሌላ ከተማ በጥናት ለይቶ የሚያወጣውን የዕቃ ዓይነት መርካቶ በስሙ ነግሮናል። ለእያንዳንዱ ተራ የራሱን ሰዓትና የራሱን የመኪና መጠን ማውጣት ይቻላል።

ሌላው የምንረሳው ደግሞ ተሸካሚው ነው። መርካቶ ውስጥ የመጨረሻዋን 100 ሜትር የሚሸፍነው ሞተር አይደለም፤ የሰው ጀርባና ጋሪ ነው። ማውረጃ ቦታው ከሱቁ 100 ሜትር ቢርቅም የሚሠራው እነሱ ስላሉ ነው። ታዲያ ጋሪ የሚሄድበት ደልዳላ መንገድና ጠርዝ ላይ መውጫ መውረጃ ራምፕ ማበጀት የጭነት ፕላን አካል ነው። ዛሬ ግን ጋሪ የሚታየው እንደ ደንብ መተላለፍ እንጂ እንደ ትራንስፖርት አይደለም።

ሌሎች ምን ሞከሩ?

ባርሴሎና ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማራገፊያ ቦታዎቿን በስልክ መተግበሪያ ታስተዳድራለች። ሾፌሩ ሲደርስ በስልኩ ይመዘግባል፣ ብዙ ጊዜ 30 ደቂቃ ይሰጠዋል፣ ነፃ ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ እዚያው አካባቢ እንደገና መመዝገብ አይችልም። ከተማዋ በዚህ ሁለት ነገር ታገኛለች፦ መኪኖቹ ይቀያየራሉ፣ የትኛው ሰፈር ስንት ሰዓት ላይ እንደሚጨናነቅም ማወቅ ትችላለች።

ኒው ዮርክ ደግሞ በ2009 እና 2010 እ.ኤ.አ. ማንሃተን ውስጥ ዕቃን በምሽትና በሌሊት ማድረስን ሞከረች። መኪኖቹ ፈጥነው ደረሱ፣ ሾፌሮች መቆሚያ አገኙ። የገጠመው ችግር ግን ከሾፌሮች አልመጣም፤ ከተቀባዩ ሱቅ ነው። ሌሊት ማን ከፍቶ ይቀበላል? የሠራተኛውን ትርፍ ሰዓት ማን ይከፍላል? ለሱቆቹ ማበረታቻ መስጠትና፣ እምነት ባለበት ደግሞ ቁልፍ ለአድራሹ ሰጥቶ ያለ ሠራተኛ ማስገባት መንገድ ሆኑ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ሰዓት የሚወስነው ሾፌሩ ሳይሆን ተቀባዩ ነው። ሾፌሩን ብቻ እየቀጡ ሰዓት ማስቀየር አይቻልም።

እኛ ጋ እዚህ ላይ አንድ ክፍተት አለ፣ በጎ ክፍተት። በ2017 ዓ.ም. በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ ንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3:30 ክፍት ሆነው እንዲሠሩ ተወስኗል። ብዙ ነጋዴ "ገበያ በሌለበት ሰዓት ለምን?" ብሎ አጉረምርሟል። ግን ሱቁ ክፍት ከሆነ፣ ሠራተኛውም ካለ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የሥራ መውጫው ግርግር ሲቀንስ ዕቃ መቀበል ይቻላል። ሌሊቱን ሙሉ ማደር አያስፈልግም። ያቺ ሰዓት ተኩል ለማራገፍ ብትመደብ ከጠዋቱ ጭንቅ ትልቅ ድርሻ ታነሳለች።

ታዲያ ምን ይደረግ?

1. ጠርዙ ሲነደፍ ለዕቃ ቦታ ይሰመር። በየብሎኩ ሁለት ሦስት መቆሚያ፣ በቀለምና በምልክት፣ "ለመጫንና ለማውረድ ብቻ፣ 20 ደቂቃ" ተብሎ። ቦታው ከግል መኪና ማቆሚያ ይወሰድ እንጂ ከእግረኛ መንገድ አይወሰድ።

2. ቦታው እንደ ሰዓቱ ሥራ ይቀይር። ጠዋት ለዕቃ፣ ቀን ለግል መኪና በክፍያ፣ ማታ እንደገና ለዕቃ። አንዷ 10 ሜትር ሦስት አገልግሎት ትሰጣለች።

3. የፓርኪንግ ልጆችን ጥቅም አብረን እናስብ። በየመንገዱ ተደራጅተው ፓርኪንግ የሚያስከፍሉ ወጣቶች ገቢያቸው ቆሞ ከሚውለው የግል መኪና ከሆነ፣ አይሱዙውን ለምን ያስተናግዳሉ? ከእያንዳንዱ የማራገፊያ ተራ ትንሽ ክፍያ ቢደርሳቸው ግን ቦታውን ራሳቸው ይጠብቁታል። ክፍያው በቴሌብር፣ ስማርት ስልክ ለሌለው ደግሞ በአጭር ቁጥር ይሁን።

4. የጫኝና አውራጅ ዋጋ ተጽፎ ይለጠፍ። ዋጋ ላይ ጭቅጭቅ ሲጀመር 20 ደቂቃው አንድ ሰዓት ይሆናል። ሠራተኛውም የሚገባውን ያግኝ፣ ባለ ዕቃውም የሚከፍለውን ቀድሞ ይወቅ።

5. አዲስ ሕንፃ የራሱን ማራገፊያ ይዞ ይምጣ። ምድር ቤቱ የግል መኪና ብቻ የሚያስገባ ዝቅተኛ ጣሪያ ካለው፣ የሕንፃው ዕቃ በሙሉ መንገድ ላይ ይወርዳል። መገናኛና ወሎ ሰፈር የቆሙት የብረት ስማርት ፓርኪንጎችም የሚሸከሙት አውቶሞቢል እንጂ አይሱዙ አይደለም።

"ቢሰመርስ ማን ያከብረዋል?"

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ እናውቃለን፣ ትክክልም ነው። የተሰመረውን መስመር የመጀመሪያው ቀን ማለዳ ላይ አንድ ቪ8 መጥቶ ሊቆምበት ይችላል። ያኔ የሚለየን ነገር ቅጣቱ ማን ላይ ያርፋል የሚለው ነው። ዛሬ የሚቀጣው መቆሚያ ያጣው ሾፌር ነው። ቦታው ከተሰመረ በኋላ የሚቀጣው የሌላውን ቦታ የያዘው ይሆናል። ያ ቅጣት ፍትሐዊ ነው፤ አማራጭ ለነበረው ሰው የተሰጠ ቅጣት ነውና። መሀል መንገድ የቆመውን አይሱዙም ያኔ በሙሉ አፍ "ለምን?" ማለት ይቻላል።

ሌላው ስጋት "ፓርኪንግ ሲቀንስ ደንበኛ ይቀራል" የሚለው የነጋዴዎች ነው። ሱቅ በር ላይ ቀኑን ሙሉ የሚቆመው መኪና ግን ብዙ ጊዜ የደንበኛ አይደለም፤ የባለ ሱቁ ወይም የጎረቤት ቢሮ ሠራተኛ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ጥናት እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም።

እናንተው ቁጠሩት። አንድ ጠዋት ሥራ ከመግባታችሁ በፊት ወይም ካፌ ቁጭ ብላችሁ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ አንድ ብሎክ ምረጡ። ስንት መኪና ዕቃ አወረደ? እያንዳንዱ ስንት ደቂቃ ቆመ? የት ቆመ፦ ጠርዝ ላይ፣ እግረኛ መንገድ ላይ፣ ወይስ መሀል መንገድ? በዚያ ሰዓት ውስጥ ከቦታቸው ንቅንቅ ያላሉት የግል መኪኖችስ ስንት ናቸው? ታርጋ መጻፍም ፎቶ ማንሳትም አያስፈልግም፣ ቁጥሩ ይበቃል። ሰፈሩንና ሰዓቱን ጨምራችሁ ላኩልን፤ ሰብስበን እናወጣዋለን።

ምክንያቱም ከተማዋ ስለ መኪና ፓርኪንግ ስትነጋገር የሚቆጠረው የተገነባው ማቆሚያ ነው። የሚወርደውን ሳጥን እስካሁን የሚቆጥረው ትከሻው ላይ የተሸከመው ረዳት ብቻ ነው።